ከቬትናሙ ኤም-16 እስከ ዛሬው ድምፅ ማፈኛ፦ ጠመንጃ ጋዝ ሲበዛበት ምን ይሆናል?

የአሜሪካ ምድር ጦር ለእግረኛ ወታደሩ አዲሱን ኤም-7 ጠመንጃ ከነድምፅ ማፈኛው ማደል መጀመሩን በቪዲዮ ካቀረብን ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። «ሳይለንሰር ማለት አፈሙዝ ላይ የሚጠመዘዝ ቱቦ አይደል እንዴ? እሱን ለመግጠም ሞላ መቀየር፣ ጋዝ መቀነስ የሚባለው ነገር ምን አመጣው?» ትላላችሁ። አሜሪካ የምትኖሩ አንዳንዶቻችሁም በሕጋዊ መንገድ ገዝታችሁ ከገጠማችሁት በኋላ ጠመንጃው ጭሱን ፊታችሁ ላይ እየተፋ እንዳስቸገራችሁ ጽፋችሁልናል።

ጥያቄው የመካኒክ ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ግን ከስድሳ ዓመት በፊት ይኸው ጥያቄ በጊዜው ሳይጠየቅ በመቅረቱ አሜሪካውያን ወታደሮች ቬትናም ውስጥ የተቀረቀረ ጠመንጃ እንደያዙ ሞተዋል። ስለዚህ ወደ ማፈኛው ከመግባታችን በፊት እዚያ ደርሰን እንመለሳለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ቃታ ሲሳብ ባሩዱ በቅጽበት ተቃጥሎ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም እርሳሱን እየገፋ በአፈሙዙ ያስወጣዋል። አያቶቻችን የያዙት ምንሽር ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል። ቀጣዩን ጥይት ለማጉረስ ተኳሹ ራሱ በእጁ ስቦ መመለስ አለበት፤ ጋዙ የትም ሄደ የት ምንሽር አያገባውም። በራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ግን ከዚያ ጋዝ ላይ ጥቂት ይሰርቃል። በርሜሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። እርሳሱ ቀዳዳዋን አልፎ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ባለችው እጅግ አጭር ጊዜ ውስጥ ጋዝ በእሷ ሾልኮ ይወጣና የጥይቱን ቤት ከኋላ የዘጋውን ተንቀሳቃሽ ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህን ብረት ለአጭሩ «መዝጊያ» እንበለው። መዝጊያው ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለሃ ጎትቶ ይጥላል፣ ከኋላው ያለውን ሞላ ይጨምቃል። ሞላው ደግሞ መልሶ ሲገፋው ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ያጎርሳል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ አንድ በኩል ጋዝ ይገፋል፣ ሌላ በኩል ሞላውና የመዝጊያው ክብደት ይይዛሉ። ጋዙ ካነሰ መዝጊያው መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል፤ ቀለሃው አይወጣም ወይም አዲስ ጥይት አይጎርስም። ጋዙ ከበዛስ? ብዙ ሰው «ከበዛማ ጥሩ ነው፣ የበለጠ ይሠራል» ይላል። እውነት ነው፣ እስከተወሰነ ድረስ። ክላሽን አስተማማኝ ያደረገው አንዱ ነገር ይህ ነው። ክላሽንኮቭ ጋዙን ሆን ብሎ አትረፍርፎ ሰጠው፣ የሚገፋውንም ብረት ከነፒስተኑ ከባድ አደረገው። ጭቃም አቧራም ቢገባ ይገፋል። ዋጋው ደግሞ ተኩሶ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ይረግጣል፣ ይንቀጠቀጣል።

አሜሪካዊው ዩጂን ስቶነር የሄደበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነበር። በ1950ዎቹ አርማላይት ለሚባል ኩባንያ ሲሠራ የነደፈው ጠመንጃ ለብቻው የተሠራ ፒስተን የለውም። ጋዙ በቀጭን ቱቦ ተጉዞ በቀጥታ መዝጊያው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጠመንጃው ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ ብቻ ሆነ፣ ዒላማም ላይ ይረጋል። ግን ሚዛኑ ጠባብ ነው። የቀዳዳዋ ስፋት፣ የቱቦው ርዝመት፣ የሞላው ጥንካሬ፣ ከሞላው ፊት ያለው ክብደት ሁሉ ለአንድ ዓይነት ባሩድ ተለክተው የተቀመሩ ናቸው። ያ ባሩድ ዱፖንት የሚያመርተው፣ ቅርጹ እንደ ጥቃቅን እንጨት የሆነ ነበር።

ጣጣው የመጣው በ1964 ነው። ጦሩ ጥይቱ የተወሰነ ፍጥነት እንዲኖረው አዘዘ፤ በድሮው ባሩድ ያንን ፍጥነት ከተፈቀደው ግፊት ሳያልፉ በብዛት ማምረት አስቸገረ። መፍትሔ ተብሎ የተወሰደው ባሩዱን መቀየር ነው። ኦሊን የሚሠራው፣ ክብ ክብ ፍሬ ያለው ባሩድ ተፈቀደ። እርሳሱ የሚፈለገውን ፍጥነት አገኘ፣ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ተስተካከለ። ያልታየው ነገር፣ አዲሱ ባሩድ ግፊቱን በርሜሉ ውስጥ ረዘም አድርጎ የሚይዝ መሆኑ ነው። ጋዝ በሚሰረቅባት በዚያች ቀዳዳ ዘንድ ያለው ግፊት ከፍ አለ። ጠመንጃው በደቂቃ ከ850 በላይ እንዳይተኩስ ታስቦ ሳለ ወደ 1,000 ተጠጋ።

ስቶነር ራሱ በኋላ ለምክር ቤቱ እንደመሰከረው ሐሳቡን የጠየቁት ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነበር። እኛን በጣም ያስገረመን ግን ሌላ ነው። ኮልት ፋብሪካ ጠመንጃዎቹ በአዲሱ ባሩድ የፍጥነት ፈተናውን ማለፍ ሲያቅታቸው፣ ለርክክብ ፍተሻ የድሮውን ዓይነት ባሩድ እንዲጠቀም ተፈቀደለት። ማለትም ጠመንጃው በአንድ ባሩድ ተፈትኖ «አልፏል» ይባላል፣ ወታደሩ እጅ ላይ ሲደርስ የሚተኩሰው በሌላ ነው!

ይህ በጦር ሜዳ ምን ያደርጋል? ቀለሃ ሲተኮስ በግፊቱ ተነፍቶ ከጥይቱ ቤት ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ግፊቱ ሲረግብ መልሶ ይለቃል፤ ያኔ መጎተት ቀላል ነው። ጋዝ ሲበዛ ግን መዝጊያው ቀድሞና በኃይል ይከፈታል። ቀለሃው ገና ሳይለቅ መንጠቆው ከንፈሩን ይዞ ይጎትተዋል። ወይ ከንፈሩ ይቀደዳል፣ ወይ መንጠቆው ይስታል፤ ቀለሃው እዚያው ተሰክቶ ይቀራል። ወታደሩ ያለው አማራጭ በአፈሙዙ በኩል ረጅም የመወልወያ ዘንግ ከትቶ ቀለሃውን ወደ ኋላ መውጋት ነው። ተኩስ ውስጥ ሆኖ ማለት ነው። ዘንግ ከተሰጠው!

ብዙዎቹ አልተሰጣቸውም። ጠመንጃው ራሱን ያጸዳል የሚል ወሬ ስለነበር የማጽጃ ዕቃ በበቂ አልተላከም። የጥይቱ ቤትም በክሮም አልተለበጠም ነበር፤ በቬትናም እርጥበት ይዝጋል፣ ዝገቱ ቀለሃውን ይበልጥ ይይዛል። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የባሩዱ ነው ማለት ልክ አይሆንም። በእኛ ግምት ዝገቱ ቢያንስ እኩል ድርሻ አለው። ግን ለዛገ ጠመንጃ ጋዝ መጨመር በቁስል ላይ እንደ መቆም ነው።

በ1967 ሚያዝያና ግንቦት ኬ ሳን አካባቢ ባሉት ኮረብቶች ላይ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮች (ማሪኖች) ከሰሜን ቬትናም ጦር ጋር ሲዋጉ፣ ኤም-14 ጠመንጃቸው በኤም-16 ከተተካ ገና አጭር ጊዜ ነበር። ከሞቱት መካከል አጠገባቸው ጠመንጃቸው ተፈታቶ የተገኙ ነበሩ፤ ሊያስተካክሉት ሲሞክሩ ነው የሞቱት። ከጦር ሜዳ የተላከ ደብዳቤ በዚያው ግንቦት ወር ዋሽንግተን ምክር ቤት ውስጥ ተነበበ። በሚዙሪው ተወካይ በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። ጥቅምት ላይ ባወጣው ዘገባ የጥይቱን ችግር እያወቁ አለማረማቸውን ለወንጀል የቀረበ ቸልተኝነት ነው ብሎ ጻፈ። ምክር ቤት በገዛ ጦሩ ላይ፣ ያውም ጦርነቱ እየተካሄደ፣ እንዲህ ብሎ ሲጽፍ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ልብ በሉ፤ ለዛሬው ርዕሳችን ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። መፍትሔው ምን ሆነ? ክሮም ለበጡበት፣ የማጽጃ ዕቃ ላኩ። ታዋቂው የኮሚክ ሥዕል ሠሪ ዊል አይዝነር እንዴት እንደሚጸዳ በሥዕል የሚያስተምር መጽሐፍ አዘጋጀ። ባሩዱን ግን ወደ ድሮው አልመለሱትም። በሱ ፈንታ ከሞላው ፊት የሚቀመጠውን ማብረጃ ከባድ አደረጉት፣ ውስጡም ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተቱ ክብደቶች ከተቱበት። እንግሊዝኛው «በፈር» የሚለው ማለት ነው። መዝጊያው ይህን ክብደት ጭምር መግፋት ስላለበት ለመከፈት ጥቂት ይዘገያል። በአንዱ በኩል የጨመሩትን ጋዝ በሌላው በኩል ክብደት ጨምረው አመጣጠኑት። ኤም-16ኤ1 የሚባለው ያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ስሙን አደሰ፣ ዘሮቹ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ።

ወደ ድምፅ ማፈኛው እንምጣ። የፈለሰፈው አሜሪካዊው ሃይረም ፐርሲ ማክሲም ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1909 ነው። የዝነኛውን መትረየስ የፈለሰፈው የማክሲም ልጅ ነው። አባት መትረየስ፣ ልጅ ማፈኛ! ልጁ በመኪና ሞተርም ላይ የሠራ ሰው ስለነበር ሐሳቡ ከመኪና ማርሚታ ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባ ላይ ማርሚታዋ የወለቀ ታክሲ ሲያልፍ የሰማ ሰው ማፈኛ ምን እንደሚሠራ ገብቶታል። የጋለው ጋዝ ባንድ ጊዜ ከሚፈነዳ በክፍልፋይ ውስጥ እየተንከራተተ፣ እየበረደ፣ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል።

በነገራችን ላይ ፊልም ላይ እንደምታዩት ሹክሹክታ አይሆንም። የኤም-4 ዓይነት ጠመንጃ ያለ ማፈኛ ከ160 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል፤ ጥሩ ማፈኛ ከ20 እስከ 30 ገደማ ይቀንስለታል። ያም ሆኖ እርሳሱ ራሱ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲሄድ የሚያሰማውን ጩኸት ማንም አያፍንም። ለጆሮ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ዘንድ በአገልግሎት ምክንያት ከሚመዘገበው የጤና ችግር ሁሉ ቀዳሚው የጆሮ መጮህ ነው። ማሪኖቹ በ2020 መጨረሻ ለእግረኛ ክፍሎቻቸው ማፈኛ በብዛት ማደል የጀመሩት፣ ምድር ጦሩም በ2022 ሲግ ሳወርን መርጦ አዲሱን ጠመንጃ ከነማፈኛው የወሰደው አንድም ለዚህ፣ አንድም በተኩስ መካከል ትእዛዝ እንዲሰማ ነው።

ታዲያ ማፈኛው ጋዙን ያዘገየዋል ብለናል። የተዘገየው ጋዝ የት ይቆያል? በርሜሉ ውስጥ። እርሳሱ ከወጣ በኋላ ግፊቱ ወዲያው መርገብ ሲገባው አይረግብም፤ በዚያች ትንሽ ቀዳዳ የሚሾልከውም ጋዝ ይበዛል፣ ጊዜውም ይረዝማል። መዝጊያው በፍጥነትና በኃይል ይከፈታል። የ1964ቱ ባሩድ ያመጣው በሽታ ማለት ነው፤ መንስኤው ብቻ ተለወጠ። በዚያ ላይ አንድ አዲስ ነገር አለ፦ መዝጊያው ሲከፈት በርሜሉ ውስጥ የቀረው ጋዝ በጥይቱ ቤት በኩል ወደ ኋላ ይመጣና ተኳሹ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

ይህን እንደ ቀላል አትዩት። አብዛኛው የጥይት ማቀጣጠያ የእርሳስ ውህድ አለው፤ ጥይቱም ራሱ እርሳስ ነው። ጭሱ ያቃጥላል ብቻ ሳይሆን እርሳሱ ደም ውስጥ ይገባል። በተለይ ጣሪያ ባለው የተኩስ መለማመጃ ቦታ የምትተኩሱ፣ ቤት ገብታችሁ ሕፃን ከማቀፋችሁ በፊት ታጠቡ፣ ልብሳችሁንም ቀይሩ።

የሚሸጠውስ መፍትሔ? ገበያው ላይ ሦስት መንገድ አለ፤ ሻጩ ሁሉ የራሱን ያወድሳል። ክብደት መጨመር አንዱ ነው። የኤም-4 ዓይነቱ መደበኛ ማብረጃ ወደ 85 ግራም ይመዝናል፤ ከባዱ ኤች-3 የሚባለው 150 ግራም ያልፋል። የቬትናሙ መድኃኒት ይኸው ነው፤ መከፈትን ያዘገያል። ሁለተኛው ጠንካራ ሞላ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞላ ወደ ኋላ የሚሄደውን ይይዛል፣ እውነት ነው፤ ግን የያዘውን ኃይል መልሶ ወደፊት ያወጣዋል። መዝጊያው በጣም ፈጥኖ ሲመለስ የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ አንስቶ አልጨረሰም፤ መዝጊያው ጥይቱን ይዘለዋል ወይም ወገቡ ላይ ይነክሰዋል። ሰውየው ችግሩን ለመፍታት ሞላ ይቀይራል፣ ሌላ ችግር ይገዛል። ማፈኛውን ሲያወልቀው ደግሞ ጋዙ ይቀንስና ሞላውን መጭመቅ ያቅተዋል።

ሦስተኛው ጋዙን ከምንጩ መቀነስ ነው፤ የቀዳዳዋን መተላለፊያ የሚያጠብ መቆጣጠሪያ ማስገባት። በእኛ አስተያየት መቅደም ያለበት ይህ ነው። ቧንቧው ሲያጥለቀልቅ ወለሉን ከመወልወል ቧንቧውን መዝጋት አይሻልም? ሐሳቡም አዲስ አይደለም። አባቶቻችን በስሙ የሚያውቁት ብሬን መትረየስ አራት ደረጃ ያለው የጋዝ መቆጣጠሪያ ነበረው። የቤልጅጉ ፋልም ተኳሹ በእጁ የሚያዞረው ነበረው፤ ስካር የሚባለው የኋላኛው የቤልጅግ ጠመንጃ አንዱ ለመደበኛ፣ ሌላው ለማፈኛ የሆነ ሁለት ደረጃ አለው። ስቶነር ክብደት ለመቀነስ የተወውን ነገር ዛሬ ሰው ገንዘብ ከፍሎ መልሶ እያስገጠመ ነው። ከዚህም ሌላ ጋዙን ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ወደፊት የሚለቁ አዳዲስ ማፈኛዎች እየመጡ ነው። ድምፅ የመቀነስ አቅማቸው አንዳንዴ ትንሽ ያንሳል፣ ፊት ላይ የሚመጣው ጭስ ግን በጣም ይቀንሳል።

ጋዝ መብዛቱን በምን እናውቃለን ላላችሁን፣ ቀለሃው ይናገራል። አፈሙዙን የሰዓት 12 ቁጥር ላይ አድርጋችሁ አስቡት። ቀለሃው 3 ቁጥርና 4 ተኩል መካከል ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ወደ ፊት፣ 1 ወይም 2 ቁጥር ላይ ሲወረወር መዝጊያው እየሮጠ ነው ማለት ነው። (ቁጥሩን ከሰዓቱ ፊት አንብቡት እንጂ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ብላችሁ እንዳትዞሩብን።) የቀለሃው ከንፈር የተጫረ ወይም የተጣመመ ከሆነ ምልክቱ ይበልጥ ግልጽ ነው። አጭር በርሜል ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ቀዳዳዋ ወደ ጥይቱ ቤት ስለምትቀርብ መጀመሪያውኑ የምታገኘው ግፊት ከፍተኛ ነው። ባለ 20 ኢንቹ ኤም-16 ላይ ቀለል የሚለው ነገር ባለ 14 ተኩል ኢንቹ ኤም-4 ላይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ሥራውን ግን ለባለሙያ ስጡት። ዩቲዩብ አይታችሁ፣ የእኛንም ቪዲዮ ጭምር፣ በርሜል ላይ ቁፋሮ አትጀምሩ።

ሕጉን ሳናነሳ ብንለያያችሁ ግን ትወቅሱናላችሁ። በአሜሪካ ማፈኛ ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት የሚመዘገብ ዕቃ ነው። ሲከፈልበት የቆየው የ200 ዶላር ግብር ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወደ ዜሮ ወርዷል። ይህን ሰምቶ «ነፃ ሆነ» ብሎ የሚያወራ ሰው አለ፤ አልሆነም። ግብሩ ነው የቀረው፤ ማመልከቻው፣ አሻራው፣ ፎቶው፣ ፈቃድ መጠበቁ እንዳለ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ፣ ኒውጀርሲ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኢሊኖይ፣ ሐዋይ፣ ዴላዌርና ሮድ አይላንድ ለግለሰብ ጨርሶ ይከለክላሉ፤ ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ። አሌክሳንድሪያ ቤቱ በሕግ የተመዘገበለት ወገናችን መኪናው ውስጥ ረስቶት ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ቢገባ ወንጀል ላይ ነው።

ዜግነት ያልያዛችሁ ደግሞ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ግዛቱ ሕግ መሣሪያ መግዛት ይችላል፤ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጥይት እንኳ መያዝ አይፈቀድለትም። «ጓደኛዬ ነው ያስተኮሰኝ» ማለት አያድንም። የመሣሪያ ወንጀል ግሪን ካርድ ያለውንም ጭምር ከአገር የሚያስባርር ነው። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጥ፣ «የጠመንጃ ማጽጃ» ተብሎ የሚመጣ ነገር ግን ውስጡ የማፈኛ ክፍልፋይ የሆነ ቱቦ አለ፤ አትዘዙት። ያልተመዘገበ ማፈኛ መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። የስደት ጉዳያችሁ ገና እየታየ ከሆነ ተኩስ መለማመጃ ቦታ እንኳ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ።

አውሮፓ ያላችሁ፣ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ኖርዌይና ፊንላንድ አዳኝ ማፈኛ ሲይዝ የሚገርመው ሰው የለም፣ ሌላው አገር ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ጽሑፉን ለዕውቀት ብቻ ውሰዱት። በሚቀጥለው ቪዲዮ የቬትናሙን ማብረጃና የዛሬውን ከባዱን ተቆርጠው ጎን ለጎን እናሳያችኋለን፤ ውስጣቸው ያሉት ክብደቶች ሲንሸራተቱ በዓይን ሲታይ ይበልጥ ይገባል።